ቃል የማይሻ ፊልም

መምህር መርሻ በፋይሶ ፊልም ቤት የኋላ ክፍል ወለሉ ላይ ተዘርሯል። አንገቱን የቀጭን ገመድ ምልክት ዞሮታል። ጅግጅጋ ወሬ አይቸግራትምና ሬሳው ሳይነሳ «ፊልሙ ውስጥ ያለው ደም መጣጭ ወጥቶ አነቀው» ተባለ።

ኢንስፔክተር መክሊት ይህን ስትሰማ ፊቷን አኮሳተረች።

«ደም ለሚመጥ ሙት ገመድ ምን ያደርግለታል?»

ፊልሙ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ድምፅ አልባ ነው። መርሻ ካመጣው ወዲህ አዳራሹ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ይሞላል። እንደ አካባቢው የፊልም ቤቶች ልማድ ተርጓሚው ዳሂር ከስክሪኑ ጀርባ፣ መጋረጃ ውስጥ ተቀምጦ በማይክሮፎን በሶማሊኛ ይተርካል። እዚህ ፊልም ላይ ግን የሚተረጎም ንግግር ስለሌለ የሙቱንም የሕያውንም ቃል ከራሱ እየፈጠረ ያወራል። መርሻ የሞተባት የኋላ ክፍልም እዚያው ከስክሪኑ ጀርባ ናት።

ፖሊስ ጣቢያው ገዳዩን ወስኖ ጨርሷል። ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴ ኤልሚ ፊልሙን «የሰይጣን ሥራ» እያለ ሲዝት ሰንብቷል፤ ፊልሙ እየታየም ወደ ኋላ ክፍል ሲገባና ሲወጣ ታይቷል። እጁ በካቴና ታስሮ እዚያው ፊልም ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል ቢባልም ውጭ ድንጋይ ይዞ የቆመው ሕዝብ ነገን የሚጠብቅ አይመስልም።

መክሊት ከፊልም ቤቱ ባለቤት ከፋይሶ ጀመረች።

«ከኤልሚ ሌላ ማን ገባ?»

«ማንም። በሯ ከስክሪኑ ጎን ናት፤ ሁሉም ያያታል።»

«ዳሂርስ? እሱም ከኋላ ነበር።»

«ወላሂ፣ ድምፁ አንዴም አልተቋረጠም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰምቶታል።»

«አንዴም?»

«አንዴም። እኔ ራሴ ፈዝዤ ቀርቼ ነበር። ያ ሙት በር ላይ ቆሞ ሲያይሽ ሌላ ነገር ጆሮሽ አይገባም።»

ዳሂር ሲጠራ እየተንጠባረረ መጣ።

«ሥራ ላይ ነበርኩ። ገዳይ ተይዞልሽ ሌላ ትፈልጊያለሽ?»

«ከመርሻ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል። ምን አለህ?»

«እሱን ጠይቂው» አለና ፊቱን አዞረ።

ኤልሚ ደግሞ ገና ሳይጠየቅ ጮኸ። «ሰደብኩት፣ ሰደበኝ፣ ወጣሁ! ስወጣ በሕይወት ነበር።»

«መቼ ወጡ?»

«ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት አዛን ሲል። ለሶላት ነው የወጣሁት። ያ ባለጌ ዳሂር አዛኑ ላይ ይለፈልፋል! ያኔ ነው ይበልጥ ደሜ የፈላው።»

መክሊት ወደ ፋይሶ ተመለሰች።

«ዳሂር አዛን ሲሰማ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል! ዝም ይላል እንጂ። እስኪያልቅ ቃል አይወጣውም። በዚህ ፊልምም በየቀኑ ዝም እያለ…» ፋይሶ አፏን ያዘች።

መክሊት የዳሂርን ስልክ አስያዘች። ከዚያ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስባ ፊልሙን ያለ ተራኪ አስከፈተች።

«ኤልሚ ይዋሻል እንበል» አለች። «ራሱን ለማዳን የሚዋሽ ሰው ስለ ዳሂርና ስለ አዛኑ ለምን ይፈጥራል? ምንም አይጠቅመውም። እውነት ከሆነ ግን ያ ድምፅ አዛኑን አልሰማም። ሰው ይሰማል፤ የተቀዳ ድምፅ አይሰማም። ዳሂር፣ ጠዋት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙን እያየህ ትረካህን በስልክህ ቀዳህ። ከሰዓት ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘኸው። ማይክሮፎኑ ከነገመዱ እጅህ ላይ ቀረ። የመርሻ አንገት ላይ ያለው ምልክት የዚያ ገመድ ነው። ኤልሚ መጥቶ መጣላቱ ዕድልህ ነበር። ቅጂውን እንኳ ከስልክህ ላይ አላጠፋኸውም፤ አግኝተነዋል።»

«ግን ለምን?» አለ ኤልሚ።

የመለሰችው ፋይሶ ናት። «መርሻ ከቅዳሜ ጀምሮ ያለ ተርጓሚ እናሳየው አለኝ። ዳሂር ሲያወራ ፍርሃቱ ይረክሳል አለ። እኔም እሺ አልኩት።»

ዳሂር ከመቀመጫው ተነሣ። «ሰው የሚመጣው እኔን ሊሰማ ነው! እኔ ካልተናገርኩ ይሄ ምንድን ነው? ከኔ አያቶች በፊት የሞተ ነገር ነው!»

ዞር ሲል እሱን የሚያይ ሰው አልነበረም። ፋይሶ ነጠላዋን ነክሳ ስክሪኑ ላይ ፈጥጣለች። ሊይዘው የተጠጋው ፖሊስ እንኳ አንድ እጁን እንደዘረጋ ስክሪኑን እያየ ቀርቷል። መርሻ ልክ ነበር፤ ዳሂርን ከካቴናው ይበልጥ ያሳመመውም ይኸው ነው። አንገቱን ደፍቶ እጁን ራሱ ሰጠ።

መክሊት የኤልሚን ካቴና ፈታችለት። እሱ ግን እጆቹን እንደታሰሩ ሁሉ አጋጥሞ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸዋል።

«ጨርሰናል፣ ይሂዱ» አለችው።

«ቆይ እንጂ» አለ ዐይኑን ስክሪኑ ላይ ወደ ተኛችው ልጅ ካጎነበሰው ሙት ሳይነቅል። «ልጅቷ ትተርፋለች?»