ወንዙን ያሻገሩን ቀርከሃዎች

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፣ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ዛር፣ ውቃቢ፣ የወንዝ ጋኔን ሲባል አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከሚስቁት ወገን ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ አምቦ ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ «ወንዝ በቀትር ስም ይጠራል» ሲሉን፣ «ስሜን ካወቀማ የቤት ሥራዬንም ይሥራልኝ» ብዬ እናቴ የቆነጠጠችኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። አሁንም አምናለሁ አልልም፣ የሆነውን ግን እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ያኔ ሸነን በምትባል ከተማ አስተምር ነበር። አብራኝ የምታስተምር ሌንሴ የምትባል ጓደኛዬ ለመውለድ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ሴት ልጅ ተገላገለች፣ የክርስትና እናት እንድሆናትም ልጅቷ ገና በሆዷ ሳለች ቃል አስገብታኛለች። የወላጆቿ ቀዬ ወንዝ ተሻግሮ ነው፣ በበጋ እየተጫወቱ ይደረስበታል፣ በሐምሌ ግን እግዜርን እየጠሩ። መቼም የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው፣ «ዝናብ ስለሆነ ለሚመጣው ሳምንት ይዛወር» አይባልም፣ ያለ ክርስትና እናትም አይሆንም። ስለዚህ በዋዜማው የሌንሴ ታላቅ ወንድም ጋዲሳ በቅሎ ይዞ ሊወስደኝ መጣ።

ጋዲሳን ብታውቁት! ዝም ካለ የታመመ የሚመስል ሰው ነው።

«ቲቸር፣ ይቺ በቅሎ ሁለት ነገር አትወድም» አለኝ ኮርቻውን እያጠበቀ፣ «ጭቃና ሴት።»

«ታዲያ ለምን እሷን አመጣሃት?»

«ሌላዋ ደግሞ እኔን አትወደኝም!»

የልጅቷን የክርስትና ልብስ በላስቲክ ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩና ወጣሁ፣ ጋዲሳን ጭቃው ሁለቴ አንሸራቶ ጣለው፣ ሁለቴም መሬቱ ላይ ተቀምጦ ወሬውን ጨረሰ፣ እኔ በሳቅ ከበቅሎዋ ልወድቅ።

ወንዙ ዳር የደረስነው ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው። በክረምት መንገድ የሄደ ያውቀዋል፣ ወንዝ ዝም ብሎ አይገባበትም፣ መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ይደመጣል፣ ውኃው እንደ አተላ ደፍርሶ ጭራሮ ከተሸከመ ላይኛው አገር እየዘነበ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፣ ወንዝ ላይ የቸኮለ ግን መልቀሙም አይደርሰው። የዚያን ቀን ደፍርሶም ነበር፣ ድንጋዩም ይንጎዳጎድ ነበር። ጋዲሳ አንድ ቀርከሃ ቆርጦ ውኃው ዳር ጭቃው ላይ ተከለና ቆሎውን ወደ ኪሱ ገልብጦ ባዶ ላስቲኩን ጫፉ ላይ አሰረበት።

«ውኃው ከዚህ ከሸሸ እንሻገራለን፣ ከዋጠው ክርስትናውን እዚሁ በቆሎ እናከብራለን።»

ከትልቁ ሾላ ሥር ተቀመጥን። መሻገሪያው ከሾላው ፊት ለፊት ነው፣ ጋዲሳ ከልጅነቱ ጀምሮ የተሻገረበት። ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ጉም ከላይ ተንከባልሎ መጣና ወንዙን ከነዳሩ ሸፈነው፣ ድምፁ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ነው ሌላውን ድምፅ የሰማሁት። ኳ... ኳ... ኳ። ሰው ችካል ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። ጋዲሳ ቆሎው አፉ ውስጥ እንዳለ መቆርጠሙን ተወ።

«ኤኙ?» ብሎ ጮኸ፣ ማነው ማለቱ ነው።

የመለሰ የለም። ኳ ኳው ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይመታል፣ ባረፈ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ይርቃል፣ መጀመሪያ ከእኛ ዳር ነበር፣ ከዚያ ከመሃል፣ እመኑኝ፣ በሬ ጠርጎ ከሚወስድ ውኃ መሃል! በመጨረሻ ከወዲያ ማዶ ተሰማና ጸጥ አለ።

ጉሙ ሳሳ ሲል አየናቸው። ከሾላው ወደ ላይ ራቅ ብሎ፣ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር በሰያፍ የቆሙ ቀርከሃዎች፣ ቅጠላቸው ገና ያልጠወለገ። የመጀመሪያው ጫፍ ላይ የጋዲሳ የቆሎ ላስቲክ ታስሮበታል። እሱ የተከለበት ቦታ ላይ የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ከማዶ ሰዎች መጥተው ይሆናል» አልኩ።

«መጥተው የት ሄዱ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«የተማርሽው አንቺ!»

ሳቅን፣ ግን ሳቃችን አጭር ነበር። ጋዲሳ እንደ ወንድ ልጅ ቆፍጠን አለና «ውኃው ሸሽቷል፣ እኔ የማውቀው መሻገሪያ ይሄ ነው፣ ቤኑ» ብሎ፣ እንሂድ ማለቱ ነው፣ እኔን ኮርቻው ላይ አወጣኝና በቅሎዋን ወደ ሾላው ፊት ለፊት ሳባት። እምቢ። ገፋት። እምቢ። ጆሮዋን ጥላ ዞረችና እኔን ተሸክማ ራሷ ወደ ቀርከሃዎቹ ነጎደች፣ እሱም ልጓሙን እንደያዘ ተከተላት። «ኧረ ያዛት!» እላለሁ፣ «ይዣታለሁ፣ የምትወስደኝ እሷ ናት!» ይላል። ውኃው ከጋዲሳ ጉልበት አላለፈም። መሃል ላይ በቅሎዋ ተደናቀፈችና ሳላስበው አንዱን ቀርከሃ ጨበጥኩ፣ ንቅንቅ አላለም።

ሞቆ ነበር። ቆይ፣ አትሳቁ። ሲቆፈርበት ውሎ አሁን የተቀመጠ የዶማ እጀታ እንደሚሞቀው ሞቆ ነበር።

ማዶ ወጥተን ልብሳችንን ሳንጨምቅ ከላይ አንድ ትልቅ ግንድ በጎርፉ ተንከባልሎ መጣ፣ ሾላው ፊት ለፊት፣ መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና ቁልቁል ሰመጠ፣ ግንዱ በሙሉ። እዚያ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ጋዲሳ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኔን ያስፈራኝ እንዲያውም እሱ ነው።

ቤት ስንገባ እልልታው ቀለጠ። የሌንሴ አባት ኦቦ ቶሎሳ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «በየት መጣችሁ? ጠዋት ጋዲሳ ከተሻገረ በኋላ ጎርፍ መሻገሪያውን ቆፍሮታል፣ ልንነግራችሁ ብንደውል ኔትወርክ የለም፣ ስንጸልይ ነው የዋልነው» አሉን።

«ቀርከሃ የተከላችሁልን እናንተ አይደላችሁም?»

«በዚህ ዝናብ? ማን እብድ ይወጣል ልጄ!»

በማግስቱ ክርስትናው አማረ። ልጅቷ ውኃው ሲነካት አስነጠሳትና ቄሱን ሳይቀር አሳቀች፣ በእሷ ስም ሰይጣንን ስክድ ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ነበር፣ ጋዲሳን ከኋላዬ ሳል ያዘው። ድግሱ ላይ የመንደሩን ሰው ስለ ቀርከሃው ጠየቅን፣ አንዱ ሌላውን ይጠቁማል፣ ያ ሌላው ይስቃል፣ «እኔ ነኝ» ያለ ግን አንድም አልተገኘም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጋዲሳ ሊሸኘኝ ወጣ። ውኃው ጎድሎ፣ ጠርቶ፣ ወለሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀርከሃዎቹ የሉም፣ ጎርፍ ወስዷቸው ይሆናል፣ ይሁን። ግን እኛ በተሻገርንበት በኩል ወለሉ አለት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አለት፣ ስንጥቅ የለው፣ ቀዳዳ የለው። ጋዲሳ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፣ እኔም ወርጄ ዳሰስኩት። በአለት ላይ ቀርከሃ እንዴት እንደሚቆም የሚነግረኝ ሕግ ፊዚክስ ውስጥ የለም፣ ፈልጌያለሁ።

«ቲቸር» አለኝ ውኃው መሃል እንደቆመ፣ «እዚህ አገር ውለታ የዋለ አንድ ቀን ብድሩን ሊቀበል ቤት ይመጣል።»

«ይምጣ፣ ጠላ እናጠጣዋለን።»

«ለእኔ ውሎ ከሆነ እኔ አለሁ። ለአንቺም ከሆነ አንቺ የማታሳፍሪ ሰው ነሽ።» እርጥብ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። «ግን እኮ ሁለታችንም የሄድነው ለልጅቷ ነው።»

ጋዲሳ እንደ ልማዱ ሳቀ፣ ግን ከወትሮው ዘግይቶ።