አሥራ አንደኛው ጠርሙስ

ካምላ ሞዴሱን በሒሳብ ደብተሯ መካከል ሸሽጋ በአጥሩ ላይ አሻግራ ለታራ ሰጠቻት።

«ደብተሩን መልሺልኝ፤ የቤት ሥራ አለበት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአጂ ትነግሪያቸዋለሽ?»

ታራ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አጂ፣ የሁለቱም አያት፣ ከቤቱ ሥር በምሰሶዎቹ መካከል ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቅመም ይወቅጣሉ። ቤቱ እንደ መንደሩ ቤቶች ሁሉ በረጃጅም እግሮች ላይ የቆመ ነው፤ የቀኑ ኑሮ ያለው እታች፣ ጥላው ውስጥ ነው። ከአጥሩ አጠገብ በተዘረጋው ቆርቆሮ ላይ ጨውና እርድ የነካው የጥሬ ማንጎ ቁራጭ ሁለተኛ ቀኑን ፀሐይ ይመታዋል።

«ከነገርኳቸው ማንጎውን ማን ያነሣል?» አለች ታራ።

የአጂ ጣቶች ከጥር ወዲህ በቁርጥማት ተቆልምመዋል። የታራ እናት በሸንኮራ ፋብሪካው ቢሮ እስከ አመሻሽ ትሠራለች። ስለዚህ ዘንድሮ አቻሩ፣ በቅመምና በዘይት የሚቀመጠው ማንጎ፣ የታራ ሥራ ነው ተብሎ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ይበቃል። ነገር ግን አንድ ሕግ አለ። ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማራት የለም፤ በኮረንታይን ዳርቻ ያለ ቤት ሁሉ ግን ያውቀዋል። የወር አበባዋ የመጣ ሴት አቻር አትነካም። ከነካች ይሻግታል።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለች ካምላ። «ከተናገርሽ ግን እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሦስት ቀን ጥግ ይዘሽ ነው የምትቀመጪው። ባለፈው እኔን ያደረጉኝን አይተሻል።»

ይህን እያለች በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ አንድ ቁራጭ ማንጎ ወደ አፏ ወረወረች። ከጠዋት ጀምሮ ስንተኛዋ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

«ሆድሽን ትታመሚያለሽ።»

«ገና መጀመሬ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባሕሩ በኩል ደመና ተነሣ። አጂ ሙቀጫውን አስቀምጠው ወደ ሰማዩ አዩና ማንጎውን እንድታነሣ ታራን ጠሯት። ታራ ልትናገር አፏን ከፈተች። አጂ ለመነሣት ምሰሶውን ይዘው ሲታገሉ አየቻቸው።

«መጣሁ» አለች።

ካምላም አጥሩን ዘልላ መጣች። ቆርቆሮውን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ጥላው አስገቡት። ካምላ የያዘችውን ጫፍ እንዳስቀመጠች ሆዷን ይዛ እጥፍ አለች። አጂ ምን እንደሆነች ጠየቋት። ሆዴን ቆረጠኝ፣ ማንጎ አበዛሁ አለች። አጂ ትንሽ ፈገግ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ካምላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ታራ እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ታጠበች፤ እጇን በንጹሕ ፎጣ አደረቀች። ማንጎውን ከተቆላው ከሙን፣ ከአብሹ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከክቧ ትንሽ ቃሪያ ጋር ለወሰችው። አሥሩ ጠርሙሶች ከጠዋት ጀምሮ ተቀቅለው በአጥሩ እንጨቶች ጫፍ ላይ ተደፍተው ስለዋሉ አጥንት መስለው ደርቀዋል። አንድ በአንድ ሞላቻቸው፤ የሰናፍጭ ዘይቱን ማንጎው እስኪሸፈን አፈሰሰችባቸው። አሥሩም ሞሉና ማንጎ ተረፈ።

ዙሪያዋን ተመለከተች። በላይኛው መደርደሪያ ላይ የአባባ ጠርሙስ ነበር፤ ሰፊ አፍ ያለው፣ ከንፈሩ ትንሽ የተሸረፈ። አያቷ አባባ በሕይወት ሳሉ አቻር ከዚያ በቀር ከሌላ አይበሉም ነበር። ከሞቱ አሥራ አንድ ወር ሆኗቸዋል፤ ጠርሙሱን ያወረደው የለም። አቧራ ለብሷል። ታራ አጂ ደስ ይላቸዋል ብላ አሰበች። በበርሜሉ ውሃ አለቀለቀችው፣ አራገፈችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ፀሐይ የሚባል ነገር አልቀረም ነበር። የተረፈውን ሞላችበት።

አጂ ማታ መደርደሪያውን ሲያዩ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ያንን ጠርሙስ ከሌሎቹ ፊት አደረጉት።

የአባባ ሙት ዓመት የዋለው እሁድ ነበር፣ ማንጎው ከተሞላ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ፓንዲቱ፣ የሂንዱው ካህን፣ መጥቶ ጸሎቱን ያደርሳል፤ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ተደርድሮ ይቀመጥና ሰባት ዓይነት ወጥ በቅጠል ላይ ይበላል። ቅጠሉ ከመንደሩ ቦይ ውሃ ላይ የሚቆረጠው ሰፊው ቅጠል ነው። አባባ በነበሩበት ጊዜ ለየድግሱ ቅጠል ሊቆርጡ ሲወርዱ ካምላን ነበር ይዘዋት የሚሄዱት፤ የትኛው እንደሚቀደድ፣ የትኛው ወጥ እንደሚይዝ ያሳዩዋት ነበር። ለእሁዱም እሷ ትቁረጥ ተብሎ ተወስኗል።

ከእሁዱ በፊት በነበረው ረቡዕ አጂ መጀመሪያ የከፈቱት የአባባን ጠርሙስ ነበር። በዘይቱ ላይ ግራጫ ጸጉር በቅሏል። ክዳኑን መልሰው ገጠሙት።

«የነካው ሰው አለ» አሉ።

ሌሎቹን አልከፈቱም። በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተሠራ ነገር አንዱ ከረከሰ ሁሉም ረክሷል አሉ። የታራ እናት ችግር የለውም፣ ከሱቅ ይገዛል አለች፤ ከዋና ከተማው ከጆርጅታውን በፕላስቲክ ዕቃ የሚመጣ አለ።

«እሳቸው የሱቅ አቻር ቀምሰው አያውቁም» አሉ አጂ። «ዛፉ ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ የሱቅ ላቅርብላቸው?»

አጂ በሃምሳ ዓመት ትዳር የባላቸውን ስም ጠርተው አያውቁም፤ ከሞቱም በኋላ አልጠሩም። «እሳቸው» ሲሉ ማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ዛፉ ደግሞ ፍሬውን ጨርሷል። ከላይ የቀሩት ጥቂቶች በስለዋል፤ ለአቻር አይሆኑም።

ከዚያ አጂ፣ ቆርቆሮውን ያነሣችውን ካምላን ሆዷን እንደቆረጣት አስታወሱ። ማንጎ ነው ብላ ነበር፤ ሴት ልጅ ሆዷን ሲቆርጣት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም እንዴ አሉ። በታራ እናት በኩል መልእክት ላኩ፤ ካምላ እሁድ ወደ ማብሰያው እንዳትመጣ፣ ቅጠሉንም ሌላ ሰው ይቁረጥ። አሥሩ ጠርሙስ ቅዳሜ ቦዩ ውስጥ ይደፋል።

ታራ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካምላ አጥሩ ላይ ተደግፋ በጥፍሯ እንጨቱን ትልጣለች።

«ለምን አልተናገርሽም?» አለቻት ታራ።

«ምን ብዬ?»

«እኔ መሆኔን።»

«ነገሩ የእኔ ቢሆን እናገር ነበር» አለች ካምላ። «የእኔ አይደለም።»

ታራ ቅጠሉን ማን ሊቆርጥ እንደሆነ ጠየቀች።

«የሚቆርጥ አይጠፋም። የሚቀደደውን ይዞ ይመጣና ወጡ በፓንዲቱ ጭን ላይ ይፈስሳል፣ ያኔ ያስታውሱኛል።» ሳቀች፤ ግን ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ታራ እንደ ሌላው ጊዜ አብራት አልሳቀችም።

የሳይንስ መምህራቸው ስለ ሻጋታ ያስተማረችው ባለፈው ወር ነበር። ሻጋታ ውሃ ይፈልጋል፤ ጨው፣ ፀሐይና ዘይት የሚሠሩት ውሃን ማባረር ነው። ታራ ያን ጊዜ በደብተሯ ጽፋ ረስታው ነበር። አሁን አሥሩ ጠርሙሶች በአጥሩ ጫፍ ላይ ተደፍተው ታዩዋት፤ አሥራ አንደኛውም በበርሜሉ ውሃ ሲለቀለቅ። ሁሉንም የነካው አንድ እጅ ነው። የረጠበው ግን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ሌሊቱን የምትናገረውን አዘጋጀች። ጠርሙሱ እርጥብ ነበር ትላለች። ይህ እውነት ነው፤ ካምላንም ነጻ ያወጣታል፤ አቻሩንም ያተርፋል። ከዚያ ያለፈውን መናገር አያስፈልግም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጂ ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያው አውርደው በቤቱ ሥር በሲሚንቶው ላይ ደርድረዋቸዋል። ባልዲ አጠገባቸው አለ። ታራ ፊታቸው ተቀመጠችና ያዘጋጀችውን ተናገረች፤ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ቀሚሷ ጫፍ፣ ስለ ጠፋው ፀሐይ።

አጂ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ እርጥብ ጠርሙስ እንደሚያሻግት እሳቸውም እንደሚያውቁ፣ ሃምሳ ዓመት ጠርሙስ ያደረቁት ለጨዋታ እንዳልሆነ ተናገሩ። ግን ይህ በሙት ዓመት የሚቀርብ ምግብ ነው፤ ግማሽ ነገር ሰምተው አያቀርቡም። ዓይናቸውን ከታራ ላይ ሳያነሡ ጠየቁ።

«እጅሽ ንጹሕ ነበር?»

ታራ አዎ ማለት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ ብትል ካምላ እሁድ ትመጣለች፣ አቻሩም ይቀርባል፣ አጂም ሳያውቁ በባላቸው ቅጠል ላይ ያደርጉታል።

«እጄን ታጥቤ ነበር» አለች። «የወር አበባዬም መጥቶ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አሥራ አንዱንም የሞላሁት እኔ ነኝ። ካምላን ማንጎ ነው ሆዷን የቆረጣት፤ ሌላ ምንም አልነበረም።»

በጎረቤት ግቢ ሬዲዮ ይሰማል። ታራ የሲሚንቶውን ስንጥቅ እያየች ቆየች። አያቷ ይነሡ ይሆን፣ ባልዲውንስ ያነሡ ይሆን ብላ ጆሮዋን ጣለች፤ አልተነሡም።

«ማንኪያ አምጪልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ደረቁን።»

አመጣች። አጂ በጨርቅ ደግመው ወለወሉት። ከአሥሩ አንዱን ለመክፈት ጣታቸው እምቢ ሲላቸው ለታራ አቀበሏት፤ ታራ ከፈተችላቸው። ዘይቱ ጥርት ብሎ ወርቅ መስሏል። አጂ አሸተቱ። አንድ ቁራጭ አወጡ፤ ለአፍታ ማንኪያው ላይ አዩት፤ ከዚያ በሉት። ቀስ ብለው አኘኩ።

«ቃሪያ አንሶታል» አሉ።

ሁለተኛውን ራሳቸው አመለከቱ፣ ሦስተኛውንም። ሁሉንም ቀመሱ፤ ስለ ቃሪያው ግን አልደገሙትም። ሲጨርሱ ባልዲውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«እሳቸው ቢሆኑ በቃሪያው ይጣሉሽ ነበር» አሉ። «በሌላው ግን አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። እናቴ ያለችኝን ነው እኔ የያዝኩት።» ማንኪያውን በጨርቁ ጠቀለሉት። «ካምላን ንገሪያት፣ እሁድ በጠዋት ወደ ቦዩ ትውረድ። ከረፈደ ቅጠሉን ልጆች ቆርጠው ይጨርሱታል።»

«እሺ አጂ።»

«ለፓንዲቱ ግን አትንገሪው።»

ከዚያ የተሸረፈውን ጠርሙስ በጣታቸው አመለከቱ። ይታጠብ፤ ከአሥሩ አንዱ ይገለበጥበታል፤ እሁድ የሚቀርበው በእሱ ነው።

ታራ የሻገተውን በማንጎው ዛፍ ሥር ቀበረችው። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠበች፤ ወስዳም በአጥሩ እንጨት ጫፍ ላይ ደፋችው። ካምላ ከወዲያ በኩል ብቅ አለች።

«ምን አሉ?»

«ቅጠሉን አንቺ ነሽ የምትቆርጪው። በጠዋት ውረጂ ብለዋል።»

ካምላ ጠርሙሱን አየች፣ ከዚያ ታራን። «ነገርሻቸው?»

«አዎ።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

ካምላ ደብተሯ እስካሁን እንዳልተመለሰላት፣ በሒሳቡም ዜሮ እንዳገኘች ተናገረች። ታራ ነገ አመጣለሁ አለች።

ከባሕሩ በኩል ቀጭን ደመና ይመጣ ነበር። ከሥራ የተመለሰችው እናቷ ከላይ፣ ከደረጃው ጫፍ፣ እራትሽ ቀዘቀዘ ብላ ጠራቻት። ታራ ጣቷን ከጠርሙሱ አፍ ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ገና ርጥበት ነበረው። ከአጥሩ ሥር ተቀመጠችና እስኪደርቅ እዚያው እንደምትቆይ ለእናቷ መለሰችላት።