ለማራናታ ያልተደረሰ ልቅሶ

ራሔል የሞተች ጊዜ የሚዛን ተፈሪ ሰው ነቅሎ ለልቅሶ ወጣ። እናቷን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ያላለ አልነበረም። ታላቅ እህቷን ማራናታን ግን አንድ ሰው እንኳ እንዲያ አላላትም። ሞተር ሳይክሉን የነዳችው እሷ ነበረቻ! ከሸኮ ሲመለሱ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭተው ታናሽየዋ እዚያው ቀረች፤ ማራናታ እግሯ ተሰብሮ ተረፈች። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደሚባል ጠፍቶት ነው።

እሷም ራሷን አልማረችም። አልጋ እያላት መሬት ላይ ትተኛለች። ሐኪም «አትሸከሚ» ያላትን የቡና ጆንያ ትሸከማለች። ማስታገሻውንም አትውጥም።

እግሯ ሲብስባት ሐኪሞቹ ፍሬአብ ዘንድ ላኳት። ፍሬአብ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ጠዋት ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ዮጋ ያሠራል፤ ሰፈሩ «የህንድ አምልኮ አመጣብን» እያለ ያማዋል።

የመጀመሪያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ስትሠራ እግሯን እስኪንቀጠቀጥ ዘረጋችው። አጠገቧ መጥቶ ቁጭ አለ።

«እያመመሽ ነው?»

«ይመመኝ።»

«የዮጋ የመጀመሪያው ሕግ አለመጉዳት ነው። ሰውን ብቻ አይደለም፤ ራስሽንም።»

«የሰው ነፍስ ያጠፋስ?»

ታሪኩን ሰምቶ ኖሯል። ዓይኑን ሳይሰብር አያት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። «የሞተችው እኮ ላንቺም እህትሽ ናት።»

ወይ ጉድ! ዓመት ከመንፈቅ የታመቀ እንባ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እሱ ቀረ፤ «በቃ፣ አታልቅሺ» አላላትም። የወደደችው ያን ጊዜ ነው።

ፍቅራቸው አልተጣደፈም። ከወራት በኋላ አልጋዋ ላይ መተኛት ጀመረች። ስትስቅ ግን፣ መሳቅ የማይገባት ይመስል፣ አሁንም አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እሱም ጊዜው የደረሰ ሲመስለው ሽማግሌ ላከ።

እናቷ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም።

«አንዷን አፈር አልብሼ፣ ያስቀበረችኝን እልል ብዬ ልዳር?» ብለው መለሷቸው።

«ሐዘናቸው ነው፤ እንታገሳቸው» አለ ፍሬአብ።

«እስከ መቼ?» አለች ማራናታ። «ፊቷ በተገተርኩ ቁጥር ቁስሏን እነካለሁ። እኔም እማዬን ልጠላት እየደረስኩ ነው። ሄጄ ከሩቅ ብወዳት ይሻላል።»

በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ቴፒ ገቡ። የሄደች ዕለት እናቷ በራቸውን ዘጉ። እልልታ የለ፣ ምርቃት የለ፤ እንዲህም ይዳራል!

በየእሁዱ ግን ወደ ሚዛን ትመጣለች። የተዘጋው በር ፊት ቆማ «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነሽ?» ትላለች። ያመጣችውን ሙዝ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። በሳምንቱ ስትመለስ ጠቁሮ እዚያው ታገኘዋለች። አንስታ ትጥለውና አዲሱን ታስቀምጣለች። ፍሬአብ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል።

በአሥራ አንደኛው እሁድ ልትሄድ ዞር ስትል ከበሩ ጀርባ ድምፅ ሰማች።

«በምን መጣሽ?»

ወደ በሩ ተጠጋች። «በሚኒባስ፣ እማዬ።»

በሩ አልተከፈተም።

«ሳይዘንብ ሂጂ» አሏት። ቀጥሎም፦ «ስትደርሺ ደውዪ።»