ጓንት ያላጠለቀው እጅ

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ጸደይ ሲብት፣ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ የጎልፍ ሜዳውን ሣር ወደ አንድ ወገን አስተኝቶት ነበር፤ በሜዳው ራስ ላይ ባለ ነጭ ምሰሶው የክበቡ ቤት ቆሟል፤ በፊት ለፊቱ በር ጌቶች ይገባሉ፣ በጓሮው በር ደግሞ በጨዋታው የሚተዳደሩት። ልማዱ ይህ ነበር፤ ልማድ ማለት ግፍ ሲያረጅ የሚወጣለት ስም ነውና።

በጨዋታው ከሚተዳደሩት አንዱ የሆነው ስምንቴ ከጦርነቱ በፊት የአገሩን ዋንጫ ሲያነሣ እንኳ ሽልማቱን የተቀበለው በወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ ከድንች ልጣጭ አጠገብ ቆሞ ነው። ስምንቴ የሚለውን ቅጽል ያመጣበት በጦርነቱ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች የወሰደው የቦምብ ፍንጣሪ ነበር። ከግንባር ሲመለስ ኳሷ አልታዘዝህ ብትለው ውድድሩን ተወና በዚያው ክበብ አስተማሪ ሆነ።

አንድ ማለዳ የክበቡ ሊቀመንበር፣ ጦርነቱን ስንቅ መጋዘን ሲጠብቁ የከረሙት ኮሎኔል፣ ትምህርቱን ሊጎበኙ ወጡ። ተማሪዎቹ ዱላቸውን ጨብጠው ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ታዲያ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ቀስረዋል! መምህራቸውን እያዩ የለመዱት አያያዝ ነበር፤ እርሱ ኳሷን ሲከታተል እጃቸውን ልብ አላለም።

«እንደ ወይዛዝርት ጣት ቀስረው ሻይ ሊጠጡ ነው ወይስ ሊጫወቱ?» አሉ ኮሎኔሉ እየሣቁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ፤ ዛሬውኑ አርማቸዋለሁ።»

«ነገ የሴቶች ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ እንግዶች አሉብን። ያ እጅህ ለዓይን አይመችም፤ ጥጥ የተጠቀጠቀ ጓንት ታጠልቅበታለህ። እምቢ ካልክ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

«እኔ በእጄ አላፍርም ጌታዬ። ጓንቱን የሚያፍር ያጥልቀው።»

የኮሎኔሉ የእህት ልጅ ከተማሪዎቹ ሁሉ የበረታችው ነበረች፤ ለፍጻሜው የደረሰችውም እርሷ ናት። አጎቷ ሲሄዱ ጠብቃ ተጠጋችው።

«ጋሼ፣ ምናለ እሺ ቢሏቸው? እርስዎ ከሌሉ እኔ በማን እመካለሁ?»

«በአሥሩ ጣትሽ! ሁለቱን ለኔ ብለሽ አታንሺ፤ እኔ በስምንት የምይዘው ሁለቱ ስለሌሉኝ እንጂ ስለማያስፈልጉ አይደለም።»

«ቢያባርሩዎትስ?»

«በጓሮ በር አልወጣማ!»

በማግስቱ ልጅቱ በአሥር ጣቷ ጨብጣ ረታች። ስምንቴም እጁን እንደ ገለጠ በፊት ለፊቱ በር ወደ አዳራሹ ገባ፤ በረኛው «በዚህ አይገባም!» ቢለው «ዛሬ ይገባል» ብሎት አለፈ። ኮሎኔሉ በእንግዶቹ ፊት እንደ በርበሬ ቀሉ።

«ተባረሃል!»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ለስንብት ነው የገባሁት።»

ይህን ጊዜ ልጅቱ ለፎቶግራፍ አንሺው ዋንጫውን ከፍ አደረገች፤ የግራ እጇን ሁለት ጣቶችም ቀስ ብላ ቀሰረች። ስምንቴ አየ፤ ባርኔጣውን አነሣላትና በገባበት በር ወጣ። ከዚያ ወዲያ እስኪያረጅ ድረስ ከትራም መጋዘኑ ጀርባ ባለ ሜዳ፣ ክበቡ የማያስገባቸውን ልብስ ሰፊዎችና ሱቅ ጠባቂዎች አስተማረ።

ፎቶግራፉ ዛሬም በአዳራሹ ተሰቅሏል። የግርጌው ጽሑፍ የኮሎኔሉን ማዕረግ አንድም ሳያስቀር ይዘረዝራል፤ ስለ አስተማሪው አንድ ቃል የለውም፤ የተቀሰሩትን ጣቶች ደግሞ «የዘመኑ ወይዛዝርት ቅምጥልነት» ይላቸዋል። ታሪክ ያየው ይህንኑ ነው፤ ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ አልታጠፉም።