ባንዲራ የተባለችው ላም

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ቡራዩ የገበሬውን መሬት ወደ አዲስ አበባ ያጠቃልላል በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲታመሱ፤ በገፈርሳ ግድብ አጠገብ ባለ አንድ የገበሬ ቤት ድንቅቱ ኩምሳ የምትባል ሴት የላም ልብስ ትሰፋ ነበር።

ድንቅቱ በአዲስ አበባ ለአንድ የቲያትር ቡድን አልባሳት የምታዘጋጅ ባለሙያ ናት፤ በልጅነቷ አባቷ ኦቦ ኩምሳ ተረት ሲያወሩ የእናቷን ነጠላ እየተከናነበች፣ አንዴ ጭራቅ አንዴ ንግሥት እየሆነች አድጋለችና ሙያዋ ከዚያ የመጣ ነው። አሁን ለልጆች የሚታየው ተውኔትም ከአባቷ ተረት የተወሰደ ነበር፤ ወላጅ የሌላት ልጅ የሞተችውን ላሟን ቆዳ ለብሳ፣ ሰው እንጂ ከብት በማይበሉ ጭራቆች መካከል ታልፋለች። የላሟ መልክ ግን ስለጠፋባት አባቷን ጠየቀች።

ሽማግሌው እምቢ አሉ፤ ተረት በቀን ከተወራ ከብት ይጠፋል ተብሎ በአገሩ ይታመናልና። ከዚያ ባዶውን በረት አዩ።

«መሬቱ ከተለካ ወዲህ ሁሉንም ሸጥናቸው፤ ምን ቀረና ይጠፋል፣ ኢንተለኮ፣ ልጄ?» አሏት። ቀጥለውም ላሟ ጀርባዋ ጥቁር፣ ጎኗ ቀይ፣ ሆዷ ነጭ እንደነበረች ነገሯት።

እንደ ቃላቸው ሰፋችው። ያን ጊዜ እነዚህ ሦስት ቀለሞች ተከታትለው ሲታዩ ተቃዋሚዎቹ የሚያውለበልቡት የገዳ ባንዲራ ተብለው እንደሚተረጎሙ የማያውቅ የቡራዩ ሰው አልነበረም፤ እርሷም ታውቃለች። ዐይኗ ግን ከላሟ በቀር ምንም አላየም፤ የዚህንም ስሕተት ዋጋ የከፈለው ታናሽ ወንድሟ ሞቱማ ነው። በእኅቱ ተልኮ ልብሱን ለቡድኑ ሊያደርስ በወጣበት ማለዳ ኬላ ላይ ቦርሳው ተፈተሸ፤ ባንዲራ ይዞ ተገኘ ተብሎም ታሰረ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ኩምሳ ድንቅቱን አስከትለው መርማሪው ፊት ቀረቡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ፣ ያንን ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወጉ። ጭራቆቹ ልጅቷን አሽትተው ወደሚያሳልፉበት ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ድንቅቱ ለአባቷ አፈረችላቸው፤ በማፈሯም ዕድሜዋን ሙሉ ተጸጸተች።

መርማሪው አላቋረጣቸውም። «አባቴ፣ ተረትዎ ደስ ይላል፤» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ የምጽፈው ግን ያየሁትን ነው። ያየሁት ባንዲራ ነው።»

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ገልብጠው፤ ጭራ አለው» ብለው ለመኑት።

አልገለበጠውም።

ሞቱማ በሐምሌ ወር እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ ኦቦ ኩምሳም ከልጃቸው በኋላ ዓመት አልሞላቸውም።

ዘመን ተለወጠ፤ ልብሱ ከኤግዚቢት መጋዘን ወጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዐውደ ርእይ ተሰቀለ። በክብር እንግድነት የተጠራችው ድንቅቱ ሥሩ የተጻፈውን አነበበች፤ «የትግሉ ባንዲራ፣ ቡራዩ» ይላል። ሄመን የተባለችውን አስጎብኚ ጠርታ፣ ይህ አባቷ የነገሯት ላም መሆኑን አስረድታ ጽሑፉ እንዲታረም ጠየቀች።

ሄመን በትሕትና አንገቷን ደፋች። «እትዬ ድንቅቱ፣ እንደዚያ ብለን ከጻፍን የወንድምዎን መሥዋዕትነት ማሳነስ ይሆንብናል» አለቻት።

ጽሑፉም ሳይታረም ቀረ። አሳሪውና አክባሪው በምንም የማይስማሙ ሰዎች ሲሆኑ «ባንዲራ» በሚለው በዚህ አንድ ቃል ተስማሙ፤ ታሪክም ቃላቸውን ተቀበለ። ሞቱማ ዛሬ ባንዲራ ይዞ የወደቀ ጀግና ተብሎ ይወሳል፤ እኅቱ ልካው መሞቱን ግን የጻፈ የለም።