ሔራን ዝናብ የጠራች ቀን

እመኑኝ አልላችሁም። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በጆሮዬም ሰምቻለሁ... እስከ ዛሬም እሰማለሁ።

ሰኔ ሃያ ሰባት፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ መስቃን ያለው ቤታችን ጓሮ።

አስተማሪ ነኝ። ከጎረቤቴ ከሙባሪክ ጋር በርበሬ ተክለናል። ችግኙን ካዛወርን አሥራ ሁለት ቀን ሆነን፤ ጠብታ አልወረደም። ቅጠሉ ጠውልጎ መሬት ነክቷል።

ልጄ ሔራን ወልቂጤ ስትማር አንዲት ህንዳዊት መምህርት የአገሯን የክረምት ዜማ አስተምራታለች። ራጋ ይሉታል። ይሄኛው ስሙ ሜግ ነው፤ ደመና ማለት ነው።

"ዝናብ ይጠራል" ብላታለች። "የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ግን አቁሚ።"

ያኔ ስቄ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጨነቀኝ።

"እስቲ አዚሚው" አልኳት።

ከቆርቆሮው ሥር ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ ቆመች። ያለ ቃል፣ በቀስታ ጀመረች...

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዶሮዎቹ ግን በጠራራ ፀሐይ ቆጥ ላይ ወጡ።

አንዲት ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች።

ሔራን ዞር አለች። "አባዬ... ይበቃል?"

አጠገቤ የቆመው ሙባሪክ ማሳውን አየና፣ "መምህር፣ ወላሂ አቧራውን እንኳ አላረጠበም" አለኝ በሹክሹክታ።

"ትንሽ ብቻ ጨምሪ፣ የኔ ልጅ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። እኔው ነኝ።

ዶፉ ወረደ። ሙባሪክ "አልሐምዱሊላህ!" እያለ እጁን ዘረጋ።

ያኔ ልጄን አየኋት...

አፏ ተዘግቷል። ዜማው ግን አልቆመም።

ትከሻዋን ያዝኳት። ቀሚሷ ደረቅ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ሲወርድ እሷን አልነካትም።

"በቃ! ይበቃል አልኩሽ!"

ተንበርክኬ እግሯን ይዤ ለመንኳት። እንባዋ ይወርዳል። አፏን ልትከፍት ትታገላለች... አልቻለችም። ሙባሪክ ዱዓ ጀመረ።

በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ ዝናቡ ቀጥ አለ። ዜማውም።

ሔራን ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ጉሮሮዋ ደህና ነው አሉኝ። ጸበልም ወሰድኳት። ምንም።

በርበሬው አምሯል። ማየት አስጠልቶኛል።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበርሜሉን ክዳን አነሳለሁ። ሔራን ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ከንፈሯ ግጥም ብሏል።

ድምጿ ከውሃው ሥር ይመጣል...

"አባዬ... ይበቃል?"

"ይበቃል፣ የኔ ልጅ። ይበቃል" እላለሁ፣ ከንፈሬ ውሃውን እስኪነካ ጎንበስ ብዬ።



ከዚያ መልሳ ትጠይቀኛለች።