የጎደለው ሦስተኛ ገጽ

ሰውየው «ፍሬኗ አይይዝም» ብሎ የገዛትን መኪና ከሰሰ። ከቅሬታ ሰሚው ቢሮ «ይዘሃት ቅረብ» ብለው ጻፉለት። ይዟት ሲቀርብ ሞተ። ቁልቁለቱ መጨረሻ፣ ማዞሪያው ላይ፣ ከግንብ ጋር ተላተመ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ደህና እንቅልፍ ይተኛል፤ ለእሱ ወረቀት ነው።

በተቀበረ በማግስቱ የሸማቾች ቅሬታ ሰሚ ቢሮ መርማሪ ላከ። መርማሪዋ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው። እትዬ ወንፊት ይሏቸዋል፤ ስሙን ያወጡላቸው ውሸታሞች ናቸው። የመኪናዋ ሻጭ «ጥፋቱ የነጂው ነው» ብሏል። ይህ ከጸና ክሱ ይዘጋል፣ ሟችም በራሱ ግዴለሽነት እንደሞተ ይጻፋል። የሟች እናት ብዙ አልጠየቁም።

«ልጄ ግዴለሽ አልነበረም። እሱን ብቻ ጻፉልኝ» አሉ።

እትዬ ወንፊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ የተላተመችው መኪና ተጎትታ በቆመችበት ግቢ ከሥሯ ገቡ። ሁሉ ነገር ጭቃና ዝገት ለብሷል። በግራ በኩል ያለው አንድ የፍሬን ቱቦ ብቻ እንደ ሕፃን ጥርስ ያብለጨልጫል። በብሎኑ አናት ላይ ቀይ ነጥብ አለች። ከዚያ ከሟች ቤት እስከ ግንቡ መንገዱን በእግራቸው ወረዱት። በግራው ጠርዝ የዘይት ጠብታ ተከታትሏል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይደጋገማል። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት፤ የፍሬን ዘይት ነው።

የግቢውን ዘበኛ «ከአደጋው ወዲህ ማን ገባ?» አሉት።

«ሻጩ ፎቶ ላንሣ ብሎ መጣ። የሟች ሚስት ወረቀቶቹን ልትወስድ፣ ወንድሙ ደግሞ ጃኬቱን ሊወስድ መጡ። ሐዘንተኛ እንዴት ይከለከላል እትዬ?»

ሻጩ መሸጫው ውስጥ፣ መኪኖቹ መሃል ካለው ጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ ነበር።

«ስሸጣት ጤነኛ ነበረች። የመካኒክ ማረጋገጫ ነበራት።»

«የታለ?»

«ለገዢው ሰጠሁት። ሞኝና ወረቀት...»

«የያዘውን አይለቅም፤ አውቀዋለሁ። ማን ፈረመው?»

«ስንቱን መካኒክ ላስታውስ?» አለና መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋ።

የሟች ሚስት ፋይሉን ሰጠቻቸው። ሟች ለገጾቹ በእጁ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት።

«ሦስት የት ሄደ ልጄ?»

«አላውቅም» አለች። ውሸት የማያምርባት ሴት ነበረች። ባሏ «ማረጋገጫው የለም» እየተባለ ሦስት ጊዜ ከቢሮ ተመልሷል፤ በመጨረሻ ነው መኪናዋን ይዞ እንዲቀርብ የታዘዘው።

የሟች ታላቅ ወንድም መካኒክ ነው። ጋራዡ ውስጥ ብሎን እያጠበቀ አነጋገራቸው።

«አንተ እያለህ መኪናዋን ስለምን አላሳየህም?»

«እኔም እሱን እጠይቃለሁ። እንዴት ናት ስለው፣ ደህና ናት ይለኝ ነበር። መክሰሱንም የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው።»

«ከሥሯ ገብተህ አይተሃት ታውቃለህ?»

«አንድም ቀን።»

ብሎኑ ጠበቀ። ሳያይ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፣ ትንሽ ጠርሙስ አንሥቶ የብሎኑን አናት ነካ አደረገ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጥፍር ቀለም። የጠበቀውን ካልጠበቀው የምለይበት ነው። አባቴ ነው ያስለመደኝ፤ ያልጠበቀ ብሎን ሰው ይገድላል ይል ነበር።»

እትዬ ወንፊት ጎንበስ ብለው ብሎኑን አዩ። ነጥቧ ቀይ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በቢሮው ሰበሰቧቸው። እናትየው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ዘይት ከቤቱ እስከ ግንቡ ፈስሷል» አሉ እትዬ ወንፊት። «ስለዚህ ቱቦው መንገድ ላይ ተቀዷል። መኪናዋ ውስጥ ያለው ግን ድፍን፣ አዲስ ቱቦ ነው። ሙት ቱቦ አይቀይርም። ከአደጋው በኋላ የገባችሁት ሦስት ናችሁ። ከሦስታችሁ ያጠበቀውን ብሎን በጥፍር ቀለም የሚነካ አንድ ነው። እጅህ ነው ያሳጣህ ልጄ፤ እጅህ መዋሸት አልለመደም።»

መካኒኩ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የተቀደደው ቱቦ ነበር።

«መጣል አቃተኝ» አለ።

«ቱቦውን የለወጥከው፣ ደህና ከተገኘ ማረጋገጫውም እውነት እንዲመስል ነው። ማረጋገጫውን የፈረምክ አንተ ነህ።»

«እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው» አለ ወለሉን እያየ።

ሻጩ ወንበሩን ሳብ አደረገ። «በሉ እንግዲህ፣ እኔ የለሁበትም።»

«ተቀመጥ። ሦስተኛውን ገጽ ሳናይ?» እትዬ ወንፊት ወደ ሟች ሚስት ዞሩ።

ሚስቱ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ፊርማው በሰማያዊ ቀለም፣ የቀረው ሁሉ በጥቁር፣ በሻጩ እጅ ተጽፏል።

«ባዶውን ነው የፈረምኩት» አለ መካኒኩ። «ሥራ ያመጣልኛል ብዬ በደርዘን እፈርምለት ነበር። ለማን እንደሚሸጥ አላይም። የዚህችም ማረጋገጫ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው።»

«አንተም የተፈረሙት ባዶ ወረቀቶች ያሉበትን መሳቢያ ትከፍትልናለህ» አሉት ሻጩን። ሻጩ ተመልሶ ተቀመጠ።

የሟች ሚስት መካኒኩን አየችው። «ፊርማህን አይቶ ነው የገዛት። ወንድሜ ካያት ምን እፈራለሁ አለኝ። ፍሬኗ ሲከዳው ደግሞ ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣው። ወንድሜን ከእንጀራው አላፈናቅልም አለ። ያለ እሱ ሦስት ጊዜ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ መለሱት።»

መካኒኩ አፉን በክንዱ ሸፈነ።

ቃሉ ተጽፎ ቀረበለት። ብዕሩን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ወደ ግርጌው አጎነበሰ። እናቱ ተነሥተው የእጁን አንጓ ያዙ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንተ ቆጥረሃል። ዛሬስ አንብበህ ፈርም።»

ጮክ ብሎ አነበበ። «ሟች ምንም ጥፋት የለበትም» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ።

እናትየው እጁን አልለቀቁም።

«እሱን ድገመው» አሉ።